ውኃው እስኪሸሽ፦ መፀው በጣራ ገዳም ግርጌና በፎገራ ሜዳ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል፤ እነርሱም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 የሚቆየው በጋ፣ እንዲሁም እስከ ሰኔ 25 የሚደርሰው ፀደይ ናቸው። መፀውንና ፀደይን አዛውሮ መጥራት በዘመናችን የተለመደ ቢሆንም፣ በጥንቱ ትርጓሜ መፀው ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣው፣ አበባ ፈክቶ እሸት የሚያሽትበት፣ በማብቂያውም አዝመራ የሚሰበሰብበት ወቅት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በእነዚሁ ወራት ቅጠል ይረግፋል፣ ቀኑም እያጠረ ወደ ብርዱ ይሄዳል፤ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግን የተዘጋው የሚከፈትበት ጊዜ በመሆኑ፣ የሰዉ የዕለት ኑሮ፣ የጓሮ ሥራውና የመዝናኛ ልማዱ ሁሉ በዚሁ መከፈት ዙሪያ ተሰድሮ ኖሯል። በደቡብ ጎንደር፣ በጣራ ገዳም ተራራና በፎገራ ሜዳ መካከል ይህን መከፈት የሚወስነው ከሰማዩ መጥራት ይልቅ የውኃው መሸሽ ነው።

ጣራ ገዳም ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በሊቦ ከምከም ወረዳ የሚገኝ ገዳምና በዙሪያው የተጠበቀ ጥንታዊ ደን ነው። ደኑ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ወይራውን፣ ብሳናውን፣ ዋንዛውን፣ አጋሙንና ቀጋውን ጨምሮ ከመቶ የሚበልጡ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን ይዟል። ከተራራው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን ምድሩ ተለጥጦ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳል፤ ይህ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር ሜዳ ዋና ከተማው ወረታ የሆነችው የፎገራ ሜዳ ነው። ሜዳውን ርብና ጉማራ የተባሉ ሁለት ወንዞች አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ምንጫቸው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ በመሆኑ፣ በክረምት ከተራራው ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ሲመጡ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል።

የሐይቁ የራሱ ጠባይም ነገሩን የበለጠ ያከብደዋል። የጣና ወለል በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሲሆን፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚጎድለው በሰኔ መግቢያ ገደማ ነው፤ የሚሞላው ግን ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን፣ የወንዞቹ ውኃ ተጠራቅሞ በሚደርስበት በመስከረም አጋማሽና መጨረሻ ነው። በዚህም የተነሣ የመስቀል ደመራ በሚለኮስበት ሰሞን፣ ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ተራራውን ቢጫ ባለበሰችበት ሰዓት፣ ከታች ያለው ሜዳ ገና ውኃ እንዳዘለ ይቆያል። ወቅቱን የቀን መቁጠሪያው መስከረም 26 ይለውጠዋል፤ ውኃው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሸሻል። በዝናቡ መቆምና በአጨዳው መጀመር መካከል የሚገኘው ይህ የጥቂት ሳምንታት ክፍተት፣ የአካባቢው በዓል፣ የጓሮ አትክልት፣ የእጅ ሥራና ጨዋታ ለዘመናት የሰፈሩበት ጊዜ ነው።

ቋንቋው ራሱ የዚህን ኑሮ አሻራ ይዟል። «ክረምት» እና «ከረመ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ሲሆኑ፣ ዛሬ «እንዴት ከረማችሁ» ሲባል ረዘም ያለ ጊዜ ሳይተያዩ የቆዩ ሰዎች ሰላምታ ይሁን እንጂ፣ መነሻው ወንዝ ሞልቶ መንገድ በተዘጋበት ወራት ተለያይተው የቆዩ ሰዎች ጥያቄ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ነገሥታቱም ይከርሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ዓፄ ሠርፀ ድንግል ክረምቱን ካሳለፈባቸው ቦታዎች አንዱ ከፎገራ በስተ ሰሜን ያለው የእንፍራዝ አካባቢ ሲሆን፣ ሐይቁን ከላይ ወደ ታች የሚመለከተው የጉዛራ ግንብም የእርሱ ሥራ ነው። ሠራዊት በጭቃ ስለማይዘምት፣ ዘመቻ የሚታወጀውና ጭፍራ የሚቆጠረው መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር። ነጋዴውም እንዲሁ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ በሊቦ ከምከም ያለው ይፋግ ጎንደርን ከደቡቡ አገር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የታወቀ ገበያና የቀረጥ በር በነበረበት ጊዜ፣ የሲራራ ነጋዴ አህያና በቅሎውን ጭኖ ርብንና ጉማራን የሚሻገረው መፀው ከገባ ወዲህ ነው።

ለገበሬው ቤት የክረምቱ መውጣት ከሁሉ በፊት የሚታወቀው በማጀት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት በመሆናቸው፣ በደጋውም በሜዳውም ሰው የሚኖረው በጓሮ ጎመን ነበር፤ ይህም አዲሱ ዓመት ሲገባ ችቦ ይዞ ቤቱን እየዞሩ በሚባለው «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» በሚለው አባባል ውስጥ በግልጽ ይታያል። ምንቸት የሸክላ ድስት ሲሆን፣ የሚወጣው የችጋር ወራት ምግብ፣ የሚገባው ደግሞ ከእህል ዱቄት የሚሠራው የጥጋብ ምግብ ነው። ይሁንና አባባሉ የሚሰናበተው ጎመን የተናቀ ተክል አልነበረም፤ ከቤት ጀርባ አመድና የከብት ፍግ በሚደፋበት ለም ቁራሽ መሬት ላይ ሴቶች የሚያለሙት ጓሮ፣ ከባልየው እርሻ ተለይቶ በእመቤቲቱ እጅ የሚተዳደር የቤቱ ዋስትና ነበር።

የመስከረም ጓሮ በቅርብ ሲታይ የብዙ ዘመን ታሪክ ተደራርቦ የተቀመጠበት ነው። አጥሩን ተደግፎ የቆመው ጌሾ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል፤ ከሥሩ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ድንብላልና ፌጦ ይበቅላሉ፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ ቅልና ዱባ ጎን ለጎን ይሳባሉ። ቅል ሲደርቅ ተፈልፍሎ የውኃና የወተት መያዣ የሚሆን፣ በአፍሪካ ምድር እጅግ ጥንታዊ የሆነ ተክል ነው፤ ዱባው ግን ዘመዱ ቢሆንም የተገኘው ከአሜሪካ ነው። በመስከረም ፍም ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸትም ሆነ ለበዓሉ ወጥ የሚደለዘው በርበሬ ከዚያው አህጉር የተገኙ፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በንግድ መንገድ ወደ አገሩ የዘለቁ ናቸው፤ ድንች ደግሞ ከዚህም ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት እንደገባ ይነገራል። ስለዚህ «የአባቶች ወግ» ተብሎ የሚቀርበው የመስከረም ማዕድ ከፊሉ ባለ ጥቂት መቶ ዓመት እንግዳ ሲሆን፣ እንግዳውን ቤተኛ ያደረገው የጓሮ ትዕግሥት ነው።

ገዳማቱና የገበያ ከተሞቹ የራሳቸው የአትክልት ባህል ነበራቸው። በቀደሙት መቶ ዘመናት በዚህ አካባቢ የተዘዋወሩ አውሮፓውያን ተጓዦች በይፋግና በአካባቢው የወይን ተክል ይለማ እንደነበር ጽፈዋል፤ በሐይቁ ዳር ያለችው ቆራጣ ደግሞ ከማዶዋ ዘጌ ጋር በቡና ጓሮዋ የታወቀች ነበረች። የወይኑ ልማት ከመጠጥነቱ በላይ ምክንያት አለው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ፣ ማለትም ደርቆ ከተቀመጠ የወይን ፍሬ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ ወይኑ በቅርብ የሚለማበት አገር ለአድባራቱ ትልቅ ረድኤት ነበር። ቡናው በበኩሉ ከጥቅምት ጀምሮ እየቀላ የሚለቀም ስለሆነ፣ በሐይቁ ዳር ያለው ሰው ለመፀው ሌላ ስም ቢሰጠው የለቀማ ወራት ይለው ነበር።

የወቅቱ በዓላት የሚጀምሩት ወቅቱ ራሱ ሳይገባ፣ በነሐሴ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 በእረኞች ጅራፍና በሙልሙል ዳቦ ሲከበር፣ በዓሉ የሚያስበው የታቦር ተራራ ስም ለደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ለደብረ ታቦር መጠሪያ ሆኗል። ጳጉሜን 3 የሚውለው የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ደግሞ ልጆች የተባረከ በሚባለው ዝናብ የሚታጠቡበት ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ወደ መስክ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፤ እንግጫ ሥሩ ነጭ፣ ቅጠሉ ለስላሳ የሆነ የእርጥብ ቦታ ሣር ሲሆን፣ በጎጃምና በአጎራባቹ አገር ተጎንጉኖ ከአደይ አበባ ጋር በራስ ላይ ይደፋል፣ በቤቱ ምሰሶም ላይ ይታሰራል። መስቀል ሲደርስ ደመራው እንደየአጥቢያው ልማድ መስከረም 16 ማታ ወይም በ17 ንጋት ይለኮሳል፤ አመዱም በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል። ለእነዚህ በዓላት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ሣሩ፣ አበባው፣ ችቦውና እሸቱ፣ ዝናቡ ከሄደ በኋላ ምድር በነጻ የምትሰጠው ነው፤ ደሃው ቤትም እንደ ባለጠጋው ሊያከብራቸው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመስቀል በኋላ ያለው የጥቂት ሳምንታት ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የጥበቃ ሥራ ነው። በማሳው መካከል አራት ረጃጅም እንጨት ተተክሎ፣ በላዩ ወለል ተረብርቦና በሣር ተከድኖ የሚሠራው ማማ ላይ ልጆች ከንጋት እስከ ጀንበር መግቢያ ወፍ ይጠብቃሉ፤ መሣሪያቸው ከቆዳ ወይም ከቃጫ የተጎነጎነ ወንጭፍ ሲሆን፣ ከመሐሉ ድንጋይ ወይም የደረቀ ጭቃ ተቀምጦ ከራስ በላይ ይሽከረከርና አንደኛው ጫፍ ሲለቀቅ ድምፁ ብቻውን የወፉን መንጋ ያስነሣል። ወፉ ረፋድና አመሻሽ ላይ ሲበረታ እንጂ በቀትር ስለማይበዛ፣ የቀኑ መካከል ለዋሽንት፣ ለእንቆቅልሽ፣ እሸት ጠብሶ ለመብላትና ከማማ ወደ ማማ ለመጠራራት የተተወ ነው። በዓል በሚከበርበት ቀን ማረስ፣ ማጨድና መፍጨት በሃይማኖት ሥርዓት የተከለከሉ ሲሆኑ፣ ጥበቃ ግን ክልክል ስላልሆነ፣ ሥራና ዕረፍት በአንድ ማማ ላይ ሳይጣሉ ይውላሉ። አማርኛ «ሥራ ፈት» የሚለውን ቃል ለነቀፋ ብቻ የሚጠቀምበት ቋንቋ ቢሆንም፣ የመፀው ማማ ግን ሳይነቀፉ የሚያርፉበት ቦታ ነበር።

ለሴቶች ተመሳሳዩን ሚና የሚጫወተው ስፌት ነው። ክረምቱ ሲወጣ በየዳገቱና በየድንበሩ ስንደዶና አክርማ የተባሉት ሣሮች ይደርሳሉ፤ እነዚህም ተነቅለው፣ ደርቀውና ከፊላቸው በቀለም ተነክሮ አንዱ ለመሙያ ሌላው ለመጠቅለያ እየሆኑ፣ በወስፌ እየተበሱ መሶብ፣ ሰፌድና ሙዳይ ይሠራባቸዋል። ሣሩ በጊዜው ካልተሰበሰበ ደርቆ ስለሚሰባበር፣ የዓመቱ ስፌት ሁሉ የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ለቀማ ነው። በዚያው ወራት የኑግ ማሳው በቢጫ አበባ ይሸፈናል፤ ንቡም ከኑግና ከአደይ አበባ የቀሰመውን በቀፎው ሲያከማች፣ ጥቅምትና ኅዳር ዋናው የማር ቆረጣ ጊዜ ይሆናሉ። ማሩ ለጠጅ፣ ኑጉ ለዘይት ስለሚውል፣ በመስከረም ዓይን የሚማርከው ቢጫ ቀለም ከሁለት ወር በኋላ ወደ ገበያ የሚወጣ ሀብት ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ወቅቱ የሌሊት ዝማሬ ነው። በዘመነ ጽጌ፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ ሊቃውንቱ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ የተባለውን የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት ይቆማሉ፤ ድርሰቱ ድንግል ማርያምንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለ ወደ ግብፅ ያደረጉትን ስደት ያስባል፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል የስደቱን ፍጻሜ ያስታውሳል። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ዜማ ባዕድ አይደለም፤ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ጉባኤ ቤቶች በመሆናቸው፣ ከየአገሩ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ በዚህ ምድር ሲመላለስ ኖሯል። በተራራው ላይ ስለ አበባ ሌሊቱን ሲዘመር ከታች ያለው ገበሬ እሸቱን ከወፍ ሲጠብቅ፣ ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ነገር፣ አበባው ወደ ፍሬ መለወጡን ነው።

የወቅቱ ውበት ግን ጥላ ነበረው። ዝናቡ ሲያባራ በሜዳው የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ስለሆነ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የንዳድ ወራትም ነበር፤ ደገኛው ወደ ቆላማው ወርዶ ማደርን የሚፈራው፣ ጥንታውያኑ መንደሮችና አድባራትም በብዛት በተራራው ወገብ የሰፈሩት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በዚህ ሥጋት ነው። ፍርሃቱ መሠረት እንዳለው እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ 1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተዛመተው የወባ ወረርሽኝ አሳይቷል፤ በዚያ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ገደማ እንደሞተ ተገምቷል። ውኃው ራሱም ሁልጊዜ በልኩ አይመጣም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ አዲሱ ዓመት ለብዙዎች በመጠለያ ውስጥ ገብቷል።

ውኃው መሸሽ ሲጀምር ሜዳው ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል። በክረምት ወደ ከፍታው የወጣው የፎገራ ከብት፣ በጥቁርና ነጭ ቀለሙና በወተቱ የታወቀው ዝርያ፣ ለምለም ወደሆነው ጨፌ ይመለሳል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ከብት በክረምቱ ሣር የሚሰባበትን፣ ብርዱም ቅባት የሚያስመኝበትን ይህን ጊዜ ያስባል። በሐይቁ ዳር ደግሞ «ባሕር ሸሽ» የሚባል መሬት ይወጣል፤ ይህም ጣና እየጎደለ ሲሄድ የሚተወው እርጥብ ዳርቻ ሲሆን፣ ገበሬው የውኃውን ጠርዝ እየተከተለ ያለ ዝናብ በአፈሩ እርጥበት ብቻ ሽምብራ፣ ጓያና አትክልት ይዘራበታል። የባሕር ሸሽ ድንበር በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ እንደ ርስት ጸንቶ የሚቆም አልነበረም፤ በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል ከወትሮው እጅግ በጎደለ ጊዜ እርሻው ውኃውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ገፍቷል።

ይህን ሁሉ ሥርዓት ከሥሩ የለወጠው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ እርሻ፣ ለጤፍ የማይመቸውን ውኃ አቋሪ ሜዳ ዋና ማሳ አደረገው፤ ስሙን ከጅግና የወሰደው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያም በገበሬው ዘንድ ለረጅም ዘመን ተወዳጅ ሆኖ ቆየ። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ የሩዝ ዱቄትም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ለእንጀራ ይውላል። የለውጡ ትርጉም በቀን መቁጠሪያው ላይ ይታያል፦ ቀድሞ በመስከረም ውኃ ያዘለው ሜዳ የሚጠበቅና የሚታለፍ ነበር፣ አሁን ግን ሩዙ የሚያሸትበት ነው፤ ቀድሞ ከአጨዳ በኋላ የሚዘራው ጓያ አሁን ሩዙ ሳይታጨድ በሥሩ ይበተናል፤ ሩዙ እንደተነሣም ማሳው ከርብና ከጉማራ በሞተር በሚሳብ ውኃ ወደ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዞራል። ጓሮ ይባል የነበረው የእመቤቲቱ ቁራሽ መሬት በአንድ በኩል ወደ ማሳነት አድጎ ለሩቅ ገበያ ሲያመርት፣ በሌላ በኩል ጤና አዳሙንና ጌሾውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ቀርቷል።

በዚህ መልኩ ሲታይ፣ የመፀው መግቢያ ታሪክ በጣራ ገዳምና በፎገራ የአንድ ክፍተት ታሪክ ነው። ዝናቡ ቆሞ ውኃው እስኪሸሽ ያለው ጊዜ ለእርሻ የማያመች በመሆኑ ለበዓል፣ ለስፌት፣ ለማማና ለማኅሌት ተትቶ ነበር፤ በዚያ ክፍተት የበቀለውን ባህል ሰዉ «የአዲስ ዓመት ደስታ» ብሎ ጠራው፣ መሠረቱ ግን የረግረጉ መሬት በሬ አለመቀበሉ ነበር። ያንኑ ረግረግ ሩዝ ሲቀበለው ክፍተቱ ጠበበ፤ ገቢው ጨመረ፣ ሐምሌና ነሐሴም እንደ ቀድሞው የሚያስፈሩ አልሆኑም፣ ቀኑ ግን በሥራ ሞላ። ሆኖም ማማው ከሜዳው አልጠፋም፤ የሩዝ ዛላም እንደ ማሽላ ወፍ የሚጠራ በመሆኑ፣ በጥቅምት ረፋድ በወረታ ዙሪያ ወንጭፍ ይዞ የሚቆመው ልጅ አያቱ ከቆሙበት የተሻለ ሳይሆን የተለየ እህል ይጠብቃል፣ ወፉ እስኪመለስም ዋሽንቱን ያነሣል።